ለቅሶ ያልደረስነው ልጅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ አሜሪካ የጉርምስና ልብ ወለዶች ባለፈው እትማችሁ የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው እነዚህ መጻሕፍት ለልጆቻችን ስድብን፣ ሲጋራንና ወላጅ መናቅን ያስተምራሉ፤ ከቤት ይውጡ ይላሉ። በምሳሌነት መጀመሪያ የጠቀሱት የጄ ዲ ሳሊንጀርን «ዘ ካቸር ኢን ዘ ራይ» ነው። እኔም ይህን መጽሐፍ ከቤቴ ላወጣው ነበር። ለምን እንዳላወጣሁት ልንገራችሁ።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። አንድ የ16 ዓመት ልጅ አለኝ። አምና ለትምህርት ቤት ይህን መጽሐፍ ሲያነብ አንዱን ገጽ ገለጥ አድርጌ አየሁና ደነገጥኩ። ስድብ በስድብ ነው። ወሰድኩበት። ግን ራሴ ሳላነብ መከልከሉ ከበደኝ። ሥራ ቦታ ይዤው ሄድኩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ አረጋውያኑ ሁሉ ሲተኙ፣ በስልኬ መዝገበ ቃላት እያየሁ ማንበብ ጀመርኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ሆልደን ኮልፊልድ የሚባል የ16 ዓመት ልጅ በአራት ትምህርት ይወድቅና ከአዳሪ ትምህርት ቤት ይባረራል። የፈረንጅ ገና እየቀረበ ነው። ወላጆቹ ጋ ከመሄዱ በፊት ኒው ዮርክ ውስጥ ብቻውን ይንከራተታል። ያጨሳል፣ ይጠጣል፣ ይዋሻል። ሰው ሁሉ አስመሳይ ነው ይላል። ጸሐፊው ያዩት ይህንን ነው። አዎ፣ አለ።

ሆልደን ግን ወንድም ነበረው። አሊ ይባላል፤ በሁለት ዓመት ያንሰዋል። አሊ በደም ካንሰር ሞተ። ሆልደን ያኔ 13 ዓመቱ ነበር። ወንድሙ በሞተበት ሌሊት ጋራዥ፣ ማለትም የቤታቸው መኪና ማቆሚያ ውስጥ አደረ። የጋራዡን መስታወቶች በሙሉ በቡጢ ሰባበራቸው። በእጁ ጉዳት ሆስፒታል ስለነበር ቀብር እንኳ አልቆመም። ወላጆቹም መስታወት ስለሰበረ የአእምሮ ሐኪም ሊያሳዩት አሰቡ።

እዚህ ስደርስ መጽሐፉን አጠፍኩት። እኛ ዘንድ ቢሆን ብዬ አሰብኩ። ድንኳን ይተከላል። እድርተኛው ይመጣል። ንፍሮ ይቀቀላል። ሰው ቁጭ ብሎ ሟቹን እያነሳ ያለቅሳል። ሆልደንን ለቅሶ የደረሰው የለም። እሱ ራሱ በሚተርክልን ታሪክ ውስጥ አንድም ትልቅ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ «እስቲ ስለ አሊ አጫውተኝ» አላለውም። እናቱም ሐዘኑ እስከዚያ ቀን አልወጣላትም፤ እኩለ ሌሊት ድረስ ነቅታ ታጨሳለች። የዚያችን እናት ነገር ሳነብ አለቀስኩ።

ጸሐፊው ሴትኛ አዳሪዋ የምትመጣበትን ክፍል ለይተው አውግዘዋል። እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡት። ልጁ አልነካትም። ትንሽ አውሪኝ ነው ያላት። ገንዘቧን ከፍሎ ሸኛት፤ በኋላም በላካት ሰው ተመታ። ስለ ስድቡም አንድ ነገር ልጨምር። ሆልደን የትንሽ እህቱን የፊቢን ትምህርት ቤት ሲጎበኝ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ጸያፍ ስድብ ያያል። ሕፃናቱ እንዳያዩት ብሎ በእጁ ይጠርገዋል። ፊቢ ምን መሆን እንደሚፈልግ ስትጠይቀው፣ ራይ የሚባል እህል ማሳ ውስጥ የሚጫወቱ ልጆች ገደል እንዳይገቡ አፋፉ ላይ ቆሞ የሚይዝ ሰው መሆን እንደሚፈልግ ይነግራታል። የመጽሐፉ ስም የመጣው ከዚህ ነው። ይህ ልጅ ባለጌ ነው?

ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ፈልጌ አነበብኩ። ኤስ ኢ ሂንተን «ዘ አውትሳይደርስ»ን መጻፍ የጀመረችው በ15 ዓመቷ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲታተም 18 ዓመቷ ነበር። ፖኒቦይ የሚባለው የ14 ዓመት ልጅ እናትና አባቱን በመኪና አደጋ አጥቶ ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ይኖራል። የቡድን ጠብ በበዛበት በዚያ ጊዜ ሁለት ጓደኞቹም ይሞቱበታል።

ከሁሉም የወደድኩት ግን የቤቲ ስሚዝን «ኤ ትሪ ግሮውስ ኢን ብሩክሊን» ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 የወጣ ነው። ፍራንሲ የድሃ ልጅ ናት። አባቷ ዘፋኝ አስተናጋጅ ነው፤ መጠጥ ያሸንፈዋል። እናቷ ሕንፃ ታጸዳለች። በዚያ ቤት ለፍራንሲ በየማዕዱ አንድ ስኒ ቡና ይቀዳላታል። ሽታውንና ሙቀቱን ትወዳለች፣ አትጠጣውም፤ በኋላ ትደፋዋለች። አክስቶቿ ሲቆጡ እናትየው የራሷ ድርሻ ነው፣ እንደ እኛ ያለ ሰውም አንዳንዴ የሚያባክነው ነገር ቢኖረው ጥሩ ነው ትላለች። እኔ ቡና ሲደፋ የምታመም ሰው ነኝ። እዚህ ቦታ ግን እናትየዋን አደነቅኳት። ለልጇ የራሷ የሆነ አንዲት ስኒ ሰጠቻት።

በሦስቱም መጻሕፍት ውስጥ የሚመላለስ አንድ ነገር አለ። የትምህርት ቤት ድርሰት ነው። ሆልደን ለመኝታ ክፍል ጓደኛው ድርሰት ሲጽፍለት ስለ አሊ የቤዝቦል ጓንት ይጽፋል። አሊ ሜዳ ላይ ሥራ ሲፈታ የሚያነበው እንዲኖረው ጓንቱ ላይ በአረንጓዴ ቀለም ግጥም ጽፎበት ነበር። ጓደኛው የታዘዝከው ስለ ክፍል ወይም ስለ ቤት እንድትጽፍ ነው ብሎ ሲነጫነጭ ሆልደን ወረቀቱን ይቀደዋል። ፍራንሲም አባቷ ሲሞት ስለ እሱ ትጽፋለች። መምህሯ ስካርና ድህነት አስቀያሚ ነው፣ አቃጥዪው ትላታለች። እሷ ያቃጠለችው ግን ቀድሞ ጥሩ ውጤት ያገኘችባቸውን ያጌጡ ድርሰቶች ነው። ፖኒቦይ ብቻ የሚሰማው አገኘ። ከእንግሊዝኛ ሊወድቅ ሲል መምህሩ ድርሰት ጻፍና ላሳልፍህ አለው። የጻፈው ድርሰት ያነበብነው መጽሐፍ ራሱ ነው።

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ። የልጄ አባት በድንገት ሲሞት ልጄ 14 ዓመቱ ነበር። ቤታችን በሰው ተሞላ። ሰው ከቨርጂኒያ፣ ከባልቲሞር እየነዳ መጣ። ምግብ ተረፈን። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ያለ እነሱ አልቆምም ነበር። ልጄን ግን ሁሉም ትከሻውን መታ መታ እያደረገ «አይዞህ ጎረምሳው፣ አሁን የቤቱ አባወራ አንተ ነህ፣ እናትህን አጽና» አለው። እኔም እንደዚያው አልኩት። ወንበር ተሸከመ። ውሃ አዞረ። ለሽማግሌዎች መኪና አቆመ። እሱን ያጽናና ሰው አልነበረም። አሊን የመሰለ ነገር በሆዱ ይዞ ሁለት ሳምንት ሙሉ አስተናገደን።

መጽሐፉን ስጨርስ ያየሁት ነገር አለ። ልጄ የጋራዡ ታሪክ ካለበት መስመር አጠገብ በእርሳስ፣ በእንግሊዝኛ፣ «ጫማው» ብሎ ጽፏል። ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። ወዲያው አልመለሰልኝም። ከቀናት በኋላ መኪና ውስጥ፣ ፊት ለፊት እያየ፣ ነገረኝ። በለቅሶው ጊዜ መግቢያው በለቅሶ ደራሹ ጫማ ሲሞላ አንድ ሰው የአባቱን የሥራ ጫማ በላስቲክ ከቶ ጋራዥ ወረወረው። ማታ ሰው ሲሄድ ልጄ ወርዶ ፈልጎ አወጣው። አልጋው ሥር አስቀመጠው። ያን ክፍል በየሳምንቱ የማጸዳው እኔ ነኝ። አንድም ቀን አላየሁትም።

መጽሐፉን መለስኩለት።

ለጸሐፊው አንድ ነገር ልጠይቅ። ከቤት ይውጣ ካሉት መጽሐፍ ውስጥ ቢያንስ የጓንቱን፣ የጋራዡንና የግድግዳውን ክፍል ያንብቡ። የልጄ መጽሐፍ ከአሮጌ መጻሕፍት መደብር በ4 ዶላር የተገዛ ነው፤ ሽፋኑ ለቋል። ከፈለጉ በእናንተ በኩል በፖስታ እልክላቸዋለሁ። ልጄን አስፈቅጃለሁ፣ ይላክላቸው ብሏል። የእርሳስ ጽሑፉ እንዳይጠፋና መጽሐፉ እንዲመለስለት ግን አደራ ብሏችኋል።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ