ሸማ ትታችሁ ቁማር ጀመራችሁ እንዴ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት በአንባቢያን ደብዳቤ ገጻችሁ ላይ አንድ ጸሐፊ «ዛሬ ዌብሳይት የሌለው ነጋዴ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ነጋዴዎቻችን ግን ለእንዲህ ያለው ነገር ገንዘብ ማውጣት አይወዱም» ብለው ወቅሰውናል። እኔ ገንዘቡን አውጥቻለሁ። ዌብሳይትም ነበረኝ። ኖሮኝም እንደሌለ ተቆጥሬያለሁ፣ እንዲያውም ባይኖረኝ ይሻለኝ ነበር። ለዚህ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

ሽሮ ሜዳ የሸማ ሱቅ አለን። ከአባቴ የተረከብኩት ነው። የሐበሻ ቀሚስ፣ ጋቢ፣ ነጠላ፣ የሙሽራ ልብስ፣ የመዘምራን ልብስ እናሠራለን። ደንበኞቻችን ግማሾቹ እዚሁ ናቸው፣ ግማሾቹ ደግሞ አሜሪካና አውሮፓ ሆነው በዘመድ በኩል የሚያዙ ናቸው።

የመጀመሪያውን ዌብሳይት ያሠራነው በ2012 ኮሮና ገብቶ ገበያው ጭር ያለ ሰሞን ነው። በዘመድ በኩል አንድ ጎበዝ የተባለ ልጅ አገኘን። ልጁ መጣ፣ ሻይ ጠጣ፣ «ምን ዓይነት ነው የምትፈልጉት?» አለኝ። «ዘመናዊ» አልኩት። በቃ። ዕቅዳችን ይቺው አንዲት ቃል ነበረች። ቅድሚያ ክፍያ ሰጠሁት፣ በሦስተኛው ሳምንት «አልቋል» ብሎ ደወለ።

ሲከፈት መጀመሪያ አዲስ አበባን ከሰማይ የሚያሳይ ቪዲዮ ይመጣል። ቀጥሎ ክራቫት ያሰሩ ፈረንጆች ሲጨባበጡ ይታያሉ፤ እነማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከሥራቸው «ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ ዕሴቶች» ይላል። የሸማ ሱቅ ራዕዩ ምንድን ነው ብትሉኝ መልስ የለኝም። ልጁ ግን ከሆነ መሥሪያ ቤት ገልብጦ ይመስለኛል «በአፍሪካ ተመራጭ ተቋም መሆን» ብሎልኛል። ወረድ ስትሉ ደግሞ ማንም የማይገባው የላቲን ጽሑፍ አለ። ለካ ዲዛይነሮች እውነተኛው ጽሑፍ እስኪመጣላቸው ቦታ የሚይዙበት ነው፤ ሲሴሮ ከሚባል የጥንት ሮማዊ ድርሰት ተቆራርጦ የተወሰደ ነው። እውነተኛውን ጽሑፍ መስጠት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አልሰጠሁም። ስለዚህ ሲሴሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማ ሲሸጥልን ኖረ።

የእንግሊዝኛው ገጽ ላይ የሥራ ሰዓታችን «2:00 - 12:00» ተብሎ ተጽፏል። ለእኔ ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 12 ነው፣ ምን ችግር አለው? አንድ ቀን ከምሽቱ 5 ሰዓት ስልክ ጮኸ፤ ሰው የሞተ መስሎኝ ደንግጬ ተነሣሁ። ሜሪላንድ የተወለደች የአንዲት ደንበኛችን ልጅ ናት፣ ለሰርጓ ልብስ ልታዝ። «እስከ 12 ክፍት ነን ትላላችሁ እኮ» አለች። እሷ 12 ያለችው እኩለ ሌሊትን ነው። ትክክል ናት፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን በእንግሊዝኛ ነው ያነበበችው።

ይሄ ሁሉ ግን ተራ ነገር ነው። ዋናው ጉድ የመጣው ኋላ ነው።

የዌብሳይቱን አድራሻ ማለትም ዶሜይኑን ያስመዘገበው ልጁ ነበር፤ በራሱ ስም፣ በራሱ ኢሜይል። ዶሜይን እንደ ሱቅ ኪራይ በየጊዜው ይታደሳል እንጂ አንዴ ተገዝቶ የሚቀር እንዳልሆነ ማን ነግሮኝ። ልጁ የሁለት ዓመት ከፍሎ ነበር፣ ከዚያ ሥራ አግኝቶ ወደ ዱባይ ሄደ፣ ስልኩንም ቀየረ። «ጊዜው ሊያልቅ ነው፣ አድሱ» የሚለው ማስጠንቀቂያ የሚመጣው ለእሱ ኢሜይል ነው። ጊዜው ካለፈ በኋላ እንኳ ብዙ እጥፍ ከፍሎ ማስመለስ የሚቻልበት ቀነ ገደብ አለው፤ እሱም አለፈ። እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ አድራሻውን ያተምኩባቸውን 2,000 የወረቀት ቦርሳዎች ለደንበኛ እያደልኩ ነበር።

አንድ ቀን የመዘምራን ልብስ የምታሠራ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተባባሪ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ተለውጧል። «ወንድም ጋሼ፣ ሸማ ትታችሁ ቁማር ጀመራችሁ እንዴ?» አለችኝ። ቦርሳው ላይ ያለውን አድራሻ ከፍታው ኖሯል። እኔም ከፈትኩት። የሚሽከረከር ነገር፣ ሳንቲም የሚዘንብበት ነገር፣ በማላውቀው ቋንቋ የተጻፈ ነገር። የተለቀቀ አድራሻ እያደኑ የሚገዙ ሰዎች አሉ፤ ጎብኚ የለመደው ቤት ስለሆነ ቁማር ይከፍቱበታል። እኔ ቦርሳ አትሜ ጎብኚ ስልክላቸው ነበር ማለት ነው።

ልጁን ልወቅስ አይደለም የጻፍኩት። ክፉ ልጅ አልነበረም፣ ያልጠየቅነውን ነው ያልሠራው። ጸሐፊው የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ችግራችን ገንዘብ መሰሰት ብቻ አይደለም። ገንዘቡን ሰጥተን እጃችንን አጣጥበን እንቀመጣለን። ለሱቅ ቤት ስንከራይ በር መንገድ ዳር መሆኑን፣ ዝናብ ማስገባቱን፣ ውሉ በማን ስም እንደሆነ አሥር ጊዜ እንጠይቃለን፤ ዌብሳይት ላይ ሲሆን «ዘመናዊ ይሁን» ብለን እንተወዋለን።

ሁለተኛውን ያሠራነው በ2017 ነው። ይህችኛዋ ባለሙያ ገና ስትመጣ አበሳጨችኝ። «መቼ ትጀምሪያለሽ?» ስላት «እናንተ ስትጨርሱ» አለችኝ። ምኑን ነው የምንጨርሰው? አንድ ደብተር ግዙና ስልኩ አጠገብ አስቀምጡ፣ ለአንድ ወር ደንበኛ በስልክም በቴሌግራምም ሱቅ መጥቶም የሚጠይቀውን ጥያቄ አንድ ሳታስቀሩ ጻፉ አለች። ቀልድ መሰለኝ። ባለቤቴ ግን ደብተሩን ገዛች።

ወሩ ሲያልቅ ደብተሩን አየነው፤ ስለ ራዕይና ተልዕኮ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። ሰው የሚጠይቀው ሌላ ነው። ስንት ነው? በስንት ቀን ይደርሳል? ጥለቱ ሲታጠብ ቀለም ይለቃል ወይ? ልኬን እንዴት ልላክላችሁ? አሜሪካ ትልካላችሁ? በፎቶው ላይ ያለው መነን ነው ፈትል? ሽሮ ሜዳ የት ጋ ናችሁ? እነዚሁ ጥያቄዎች እየተመላለሱ ደብተሩን ሞልተውታል። ባለሙያዋ እነሱን ይዛ ገጾቹን በእርሳስ ሣለችልን። አምስት ገጽ ብቻ ወጣ። የድሮው አሥራ ሁለት ነበረው።

የልክ አወሳሰዱ ገጽ ላይ ብዙ ደከምን፣ ተገቢም ነው። ድሮ «የትከሻ፣ የደረት፣ የወገብ» ብለን በቃል ስንናገር ሰው በሴንቲሜትርና በኢንች ይደባልቅ ነበር፣ አንዷ ደግሞ በልብስ ላይ ለክታ ልካ ቀሚሱ ድንኳን ሆኖ ቀርቷል። አሁን ባለቤቴ በእህቷ ላይ ሜትር እየዘረጋች አንድ በአንድ ፎቶ አነሣናት፤ ሜትሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ ይታያል። ይህን ሥራ የትኛውም ባለሙያ ሊሠራልኝ አይችልም። ልብሱን የሚያውቀው እኛ ነን። «በስንት ቀን?» ለሚለውም ሸማኔዎቹን ቁጭ አድርጌ ጠየቅኩ፤ ለገናና ለጥምቀት ሰሞን የምንሰጠው ቀጠሮ ከሌላው ጊዜ የተለየ ስለሆነ እሱም ተለይቶ ተጻፈ።

ዋጋ እንለጥፍ አንለጥፍ በሚለው ቤታችን ሊፈርስ ነበር። ታናሽ ወንድሜ «ዋጋ በኢንቦክስ» ይባል አለ፣ ጎረቤት እንዳያይብን ብሎ። ጎረቤቴ የእኔን ዋጋ ለማወቅ ዌብሳይት አያስፈልገውም፣ ልጅ ልኮ ያስጠይቃል! እኔ ራሴ እልካለሁ። «በኢንቦክስ» የሚል ነገር ሳይ እኔም አልፌ ነው የምሄደው። በመጨረሻ «ከዚህ ብር ጀምሮ» ብለን ለጠፍን፤ ክር ሲወደድ ባለቤቴ ራሷ በስልኳ ገብታ ትቀይረዋለች። ይህንንም ከመጀመሪያው ነው በውሉ ያስገባነው፤ ዋጋ በተቀየረ ቁጥር ባለሙያ መለመን የለም።

የዋጋ ዝርዝራችን ደግሞ የራሱ ጣጣ ነበረው። አባቴ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት በድሮ የግዕዝ ፎንት ያስተየበው ነው። ወደ ዌብሳይቱ ሲገለበጥ የእንግሊዝኛ ፊደልና የነጥብ ጫካ ሆነ። ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በአንድ ዓይነት የሚለዩበት የዓለም መለያ፣ ለፊደላችን ቦታ የሰጠው በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የእንግሊዝኛውን ፊደል የእኛን እያለበሱ የሚያሳዩ ናቸው፤ ልብሱ ሲወልቅ ይኸው ነው። እንደገና ተየብነው። ሲተየብም «ሐበሻ» እና «ሀበሻ» እና «ሃበሻ» የሚል ክርክር ተነሣ፤ እኔ ለትክክለኛው ፊደል ስከራከር ባለሙያዋ ሳቀችብኝ። የዌብሳይቱ መፈለጊያ ፊደል በፊደል ነው የሚያመሳስለው፣ ደንበኛ በሀሌታው ጽፎ እኔ በሐመሩ ከጻፍኩ «አልተገኘም» ይለዋል። ሦስቱንም አጻጻፍ ከየዕቃው ጋር አስገባችው። ለዓይን የሚታየው ግን የእኔው ነው፣ እሱን አላስነካሁም።

ፎቶዎቹን በስልክ ነው ያነሣነው፣ ጠዋት በር ላይ፣ በፀሐይ ብርሃን። አንዱ ፎቶ እንደወረደ ከ4 እስከ 5 ሜጋባይት ይመዝናል። ሃያውን አንድ ገጽ ላይ ብትደረድሩ ደንበኛው ቀሚስ ሳያይ ዳታው ያልቃል። ወርዳቸው ወደ 1,200 ፒክስል ሲቀነስ እያንዳንዱ ከ200 ኪሎባይት በታች ይሆናል፣ በስልክ ላይ ልዩነቱን ማንም አያይም። (የእናንተም የጋዜጣው ገጽ በስልክ ሲከፈት ማስታወቂያው ጽሑፉን ይሸፍነዋል፤ ለማንኛውም ብዬ ነው።)

ያልሠራነውም አለ። ኦንላይን መሸጫ፣ «ቅርጫት» የሚሉትን፣ ትተነዋል። እዚህ ያለው ደንበኛ በቴሌብር ወይም በባንክ ይከፍላል፣ ውጭ ያለው ዘመዱን ይልካል፤ እንደ እኔ ላለ ትንሽ ሱቅ የውጭ ካርድ መቀበያ ማስገባት ገና ብዙ ደጅ ያስጠናል። ዕቃውን ሲመርጥ ልኩን ሞልቶ ይልካል፣ በቴሌግራም እኛ ጋ ይደርሳል፣ ደውለን እንስማማለን። ሌላ አንድ ድርጅት ቅርጫቱን ጨምሮ የጠየቀኝ ዋጋ የዚህን እጥፍ ነበር። የዌብሳይቱ ደህንነት ማረጋገጫ ብሎም በየዓመቱ ክፍያ ጨምሮብኝ ነበር፤ ያንን ሰርተፊኬት ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባል ድርጅት በነጻ እንደሚሰጥ ያወቅኩት ከባለሙያዋ ነው።

በየዓመቱ የሚከፈለውን አስቀድማችሁ አስሉ። ዶት ኮም የሚለው አድራሻ ብዙ ጊዜ በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ነው፣ ሆስቲንጉ፣ ማለትም ገጾቹ የሚቀመጡበት ኮምፒውተር ኪራይ፣ ለብቻ ነው። በዶላር የሚከፈል ከሆነ በብር አስቦ መርሳት አይሆንም፤ ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አልፏል። እኛ አሁን የያዝነው በዶት ኢቲ (.et) የሚያልቀውን የኢትዮጵያን አድራሻ ነው። የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፣ ክፍያውም በብር ነው። በሱቁ ስም፣ በእኔ ስልክ። ፓስወርዶቹ በወረቀት ተጽፈው ካዝና ውስጥ ከንግድ ፈቃዱ ጋር ተቀምጠዋል። የሚታደስበትን ቀን ባለቤቴ የግድግዳው ካላንደር ላይ በቀይ አክብባዋለች፣ እኔን አላመነችኝም።

አስተባባሪዋም በአዲሱ ገጽ የ40 መዘምራን ልብስ አዝዛለች። መጀመሪያ ግን ደውላ «አሁንስ የእናንተው ነው?» ብላ አጣርታለች።

የድሮዎቹ ቦርሳዎች እስካሁን አላለቁም። ወደ 600 ገደማ ቀርተዋል። የሱቁ ልጅ ማታ ማታ አሮጌው አድራሻ ላይ ስቲከር እየለጠፈባቸው ነው፤ አንዳንዱን አጣምሞ ይለጥፈዋል፣ ከሥሩ ዶት ኮሟ ብቅ ትላለች።

ከአክብሮት ጋር፣
የሽሮ ሜዳው ሸማ ነጋዴ
አዲስ አበባ