የድመት ጉበት ሁዳዴ አያውቅም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ ሰላም ብያለሁ ከደሴ።

ስለ ከብት ማድለብ ስለ ዶሮ እርባታ ስትጽፉ አያለሁ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ስለ ድመት አንድም ቀን ስትጽፉ አይቼ አላውቅም። እኛ ሰፈር ደግሞ ድመት የሌለበት ቤት ጥቂት ነው፣ ለአይጥ ብለን እናስገባታለን ከዛ እንጀራ በሽሮ እየፈተፈትን እናኖራታለን፣ ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ቤቱ 55 ቀን ሲጾም እሷም አብራ ትጾማለች። የኔ ውርዬ የሞተችብኝ በዚሁ ነው፣ ለዛ ነው የምጽፈው።

አምና ሁዳዴ መግቢያ ላይ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ቤት ቀየርን። ውርዬ ወፍራም ነበረች፣ ኮምቦልቻ እያለን ጎረቤቱ ሁሉ ነበር የሚያበላት። ደሴ ስንገባ ብርዱም ነው አዲሱም ቤት ነው መሰለኝ አልጋ ስር ገብታ አልወጣም አለች፣ ፍትፍት ሳቀርብላት አሽትታ ፊቷን ታዞራለች። እማዬ "ተይያት፣ ሲርባት ትበላለች" አለችኝ፣ እኔም አመንኩ፣ የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ሄጄ ብጠይቅ ደግሞ "ሆዷ ይረፍላት፣ ሁለት ቀን ምንም አትስጫት" አለኝ። በስድስተኛው ቀን ጎትቼ አውጥቼ ጭኔ ላይ ሳስቀምጣት ለሃጯ ይዝረበረባል፣ ጆሮዋን ገልበጥ አድርጌ ሳየው ያ ሮዝ የነበረው ውስጡ እርድ የተቀባ ይመስላል፣ ድዷም እንደዛው። ሰው ቢሆን የወፍ በሽታ ይዞታል ነበር የምንለው። በሁለት ቀኗ ሞተች።

ከዛ በኋላ ነው ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ የጀመርኩት፣ "ሲርባት ትበላለች" የሚለው ነገር ለድመት እንደማይሠራ የገባኝም ያኔ ነው። ድመት፣ በተለይ ወፍራም ድመት፣ ለቀናት መብላት ስታቆም የገላዋ ስብ እየቀለጠ ወደ ጉበት ይሄዳል፣ ጉበት ያን ስብ ጠቅልሎ ወደ ደም መልሶ ለመላክ ደግሞ ፕሮቲን ይፈልጋል፣ ፕሮቲኑ ካልገባ ስቡ እዛው ጉበት ውስጥ ይከማቻል፣ ጉበቱ በስብ ታፍኖ ሥራውን ያቆማል። መድኃኒቱ ምግብ ነው፣ በቱቦም ቢሆን ማብላት፣ ፕሮቲን ያለበት፣ አንዳንዴ ለሳምንታት። እኔ የተመከርኩት ግን እንዳላበላት ነበር።

ከዚህ በላይ የገረመኝ ግን ጤነኛ የሆነችው ድመት ጉበት ነው። የበላነውን ፕሮቲን ሰውነት ወደ አሚኖ አሲድ ይበትነዋል፣ የተረፈውን አሚኖ አሲድ ጉበት ይሰብረውና ናይትሮጅኑን ዩሪያ አድርጎ በሽንት ይሸኘዋል፣ የቀረውን ስኳር ያደርገዋል። የሰው ጉበት፣ የውሻም፣ ፕሮቲን ሲያንስ ይሄን የሚሠሩትን ኢንዛይሞች ይቀንሳል፣ ጤፍ ሲወደድ ሌማቱን እያየች እንደምትቆጥብ ባለሙያ ማለት ነው። የድመት ጉበት ግን ቁጠባ አልለመደም፣ ዘር ማንዘሯ ሥጋ በል ስለሆነ ኢንዛይሞቹ ሁሌም እንደተከፈቱ ናቸው፣ የሚሰበር ከምግብ ካላገኘ የራሷን ጡንቻ ይሰብራል። በ1977 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ለድመቶች አንዴ 17.5 በመቶ አንዴ 70 በመቶ ፕሮቲን ያለው ምግብ ሰጥተው የጉበት ኢንዛይማቸውን ሲለኩ ይሄ ነው የሚባል ለውጥ አላገኙም። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ትንሽ ማስተካከል እንደምትችል አሳይተዋል፣ ግን ከሆነ መጠን በታች ዝቅ ማለት አትችልም። ለዚህ ነው የአሜሪካ የእንስሳት መኖ መመዘኛ ውሃውን ሳይጨምር ላደገ ውሻ ቢያንስ 18 በመቶ ፕሮቲን ሲል ላደገች ድመት 26 በመቶ የሚለው።

ሽሮም እኮ ፕሮቲን አለው የሚል ይኖራል፣ እኔም ብዬ ነበር። አለው፣ ግን እኛ የምንሰጣት አብዛኛው እንጀራው ነው፣ ደግሞ ሽሮ ውስጥ ታውሪን የሚባለው ንጥረ ነገር የለም። የድመት ጉበት ሐሞት የሚሠራው በታውሪን ነው፣ ታውሪን ሲያልቅ እንደ ሰው በሌላ መተካት አይችልም፣ ራሷም በበቂ አትሠራውም፣ ሥጋና ዓሣ ላይ ነው የምታገኘው። ሲጎድልባት ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧ ይለጠጥና ይደክማል፣ የዓይኑ በ1975 የልቡ በ1987 ነው የታወቀው፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ.። ወጡ ላይ ያለው ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የድመትን ቀይ የደም ሴል ያበላሻል። እግረ መንገዴን፣ አሟታል ብላችሁ ፓራሲታሞል እንዳትሰጧት አደራ፣ ጉበቷ እንደኛ ማስወገድ አይችልም፣ አንድ ፍሬ ይገድላታል።

ጾማችንን እንተው እያልኩ አይደለም፣ እኔም ጾመኛ ነኝ። ደሴ ደግሞ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት፣ በሁዳዴ የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ቢዘጋ የሙስሊሙ ክፍት ነው። አሁን አዲስ ግልገል ድመት አለችን፣ ዘንድሮ ሁዳዴ ሙስሊም ጎረቤታችን ሥጋ ሲከትፉ የሚጥሉትን ሳንባና ቁርጥራጭ በፌስታል አድርገው በአጥር ያቀብሉኝ ነበር። እማዬ መጀመሪያ በጾም ሥጋ ቤቴ አይገባም ብላ ነበር፣ ድስቱም ይነካካል፣ እውነቷን ነው፣ እና እኔ በድልህ ጣሳ ውጪ በከሰል ቀቅዬ እዛው ደጃፍ ላይ ሰጠኋት፣ ጨውም ሽንኩርትም በርበሬም ሳይነካው። እንቁላል ቀቅሎ መስጠትም ይቻላል። ጉበት ግን በየቀኑ አይሆንም፣ ቫይታሚን ኤ ይበዛባትና አንገቷን አጥንት ያደርቅባታል፣ ሥጋም ብቻውን በቂ ካልሲየም የለውም፣ ስለዚህ መቀያየር ነው።

አንድ የምጠይቃችሁ ነገር አለ። እዚሁ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚማሩም የሚያስተምሩም አሉ፣ ከነሱ አንዱን ጠይቁልኝና በጋዜጣችሁ ይመልሱልን፣ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ መብላት ያቆመችን ድመት በቱቦ የሚያበላ ሰው የት ነው የምናገኘው? ስንተኛው ቀን ላይ ይዘናት እንሂድ? እኔ ስድስት ቀን ጠብቄያለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከሆጤ፣ ደሴ