ሳይነበብ የሚደረግ የመጽሐፍ ውይይት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የመጽሐፍ ውይይት በየካፌው መብዛቱ ደስ ያሰኛል። ብዙ ጊዜ የሚያፈርሰው ግን መጽሐፉ ሳይነበብ መሰብሰብ ነው። 400 ገጽ ልብ ወለድ በሁለት ሳምንት ለመጨረስ በቀን 29 ገጽ ያህል ማንበብ ያሻል፤ የታክሲ ሰልፍ ለሚያመሸው ሠራተኛ ይከብዳል። አንድ ወር ቢሰጠው 14 ገጽ ይበቃዋል። ተሳታፊውም ከ12 ባይበልጥ መልካም ነው፤ ሲበዛ ሁለት አንደበተ ርቱዕ ሰዎች መድረኩን ይይዙታል። አወያዩ «ወደዳችሁት?» ከማለት ይልቅ አንድ አንቀጽ ጮክ ብሎ ያስነብብና «እዚህ ላይ ለምን ዝም አለች?» ብሎ ይጠይቅ። ያኔ ዝምተኛውም ይናገራል።

ከመጽሐፍ የተሠራ ፊልም ካለ መጽሐፉ ይቅደም። ፊልሙን አስቀድሞ ያየ ሰው ሲያነብ የሚመጣበት የተዋናዩ ፊት ነው። ትረካ ግን ይለያል፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ የበዛብህን መልክ የሚስለው አድማጩ ራሱ ነበር።

ስካን የተደረገ መጽሐፍ በቴሌግራም መቀባበሉ ግን ይቅር፤ ደራሲው ሰባራ ሳንቲም አያገኝበትም። ዋጋው ከከበደ ሁለት ሰው አዋጥቶ አንድ ቅጂ ይግዛ፤ ውይይቱም በሁለት ወር አንዴ ይሁን።

አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ