«ለክተው ለክተው ሰደዱኝ» ላልከኝ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ?

ማክሰኞ ከሐኪም ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ያልከኝ ከጆሮዬ አልጠፋም። «ለክተው ለክተው ባዶ እጄን ሰደዱኝ» አልክ። ያኔ መልስ አጣሁ። አሁን ልጻፍልህ።

እንዳፈርክ አውቃለሁ። እግርህን ሰቅለህ፣ ያ የአልትራሳውንድ መሣሪያ በመቀመጫህ ሲገባ፣ ከበሽታው በላይ የከበደህ እሱ ነው። ግን አባዬ፣ ሕክምናው የተጀመረው የዚያን ዕለት ነው። ካንሰሩ ያለበትን ፕሮስቴትህን፣ ከፊኛህ ሥር ያለውን እጢ፣ በየ5 ሚሊሜትሩ ምስል አንስተውታል። አሁን የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዋ ካንሰሩን በጨረር ለመግደል እዚያ ውስጥ ከሚተከሉት ጥቃቅን ፍሬዎች እያንዳንዷ የት እንደምትቀመጥ ኮምፒውተሩ ላይ እየወሰነች ነው። አንተ አርባ ዓመት ስትሰፋ ሳትለካ መቀስ አንስተህ አታውቅም።

ፍሬዎቹን አሳይተውኛል፤ ባዶ ናሙና ነው፣ ጨረር የለውም። መዳፌ ላይ አስቀምጬ አየሁት። ከሩዝ ፍሬ ይቀጥናል፣ ርዝመቱ 4.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ውጪው ቲታኒየም ነው፤ በእውነተኛዎቹ ውስጥ ደግሞ ጨረሩን የሚሰጠው አዮዲን 125 አለ። ለአንተ 80 ገደማ ያስፈልጋል ብለውናል።

«ታዲያ ዝም ብለው አይበትኑትም?» ብለህ ነበር። አይሆንም። በፕሮስቴትህ መሃል የሽንት ቱቦ ያልፋል፤ ፍሬው እዚያ ከተከማቸ ሽንትህ ያቃጥልሃል። ከኋላው ደግሞ አንጀትህ አለ። ስለዚህ ወደ ዳር ዳር ያበዙታል፤ ካንሰሩም ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከዳር ነው። የዚህ ፍሬ ጨረር ሩቅ አይሄድም። ለዚህም ነው ትንሽ ሚሊሜትር እንኳ ስትዛነፍ የሚጨነቁት።

ፍሬዎቹ በሚተከሉበት ቀን በማደንዘዣ ተኝተህ ነው የሚሠራልህ፤ አይሰማህም። ከወር በኋላ እብጠቱ ሲቀንስ በሲቲ ስካን ፍሬዎቹ የት እንዳረፉ ያያሉ።

አንድ የሚያስቸግርህ ነገር አለ። ቡና ሲፈላ ሚጣ ጭንህ ላይ ነው የምትቀመጠው። ለሁለት ወር ያህል ጭንህ ላይ አትውጣ ብለዋል። አዮዲኑ በ60 ቀን ገደማ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። እስከዚያ ከፊትህ በርጩማ አደርግላታለሁ፤ ተረትህን ከዚያ ሆና ትሰማለች። አንተን ከመንካት እንዳልተከለከለች እኔ ራሴ አስረዳታለሁ።

አስፒሪንህን በራስህ እንዳታቆም፤ ሐሙስ ሐኪሙን አብረን እንጠይቀዋለን። ጠዋት በ1 ሰዓት እመጣለሁ። ጋቢህን ያዝ፣ ክፍሉ ይበርዳል።

ልጅህ