ሌባ ያሉት በምን ማስረጃ ነው? ለሙዚየሙ ዋና ዳይሬክተር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የሙዚየሙ ዋና ዳይሬክተር

ጉዳዩ፦ ስለ "እንቁላል ሌባው" ሰሌዳ እና ስለ አንዲት ተማሪ ውጤት፣ ለአራተኛ ጊዜ የቀረበ አቤቱታ

ይህን በአደባባይ የምጽፈው ወድጄ አይደለም። ሦስት ጊዜ በመዝገብ ቤት በኩል ጽፌልዎታለሁ። ሦስቱም ማኅተም ተመትቶባቸው ገቢ ሆኑ፤ እዚያው ቀሩ። አንዴ ብቻ አጭር መልስ ደርሶኛል፤ እሷን ቆየት ብዬ አመጣታለሁ። ስልክ ስደውል "ስብሰባ ላይ ናቸው" እባላለሁ። ያ ስብሰባ ያለቀ ዕለት ይቺን ያንብቡልኝ።

የሳይንስ መምህር ነኝ። ባለፈው ዓመት ሙዚየሙ ባዘጋጀው የተማሪዎች የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ አንዲት የ12 ዓመት ተማሪዬ ተካፍላ ነበር። አንዱ ጥያቄ ኦቪራፕተር ስለሚባለው ዳይኖሰር ነው፤ "ኦቪራፕተር ምን ዓይነት ጠባይ ነበረው?" ይላል። ልጅቷ እንዲህ ብላ መለሰች፦ "በመጀመሪያ እንቁላል ሌባ ተብሎ ነበር። በኋላ ግን ዘመዶቹ የራሳቸውን እንቁላል ታቅፈው ተገኙ። ጠባዩን ከአጥንቱ ብቻ ማወቅ አይቻልም።" በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደረገባት። ጎኑ ላይ "እንቁላል ይሰርቅ ነበር" ተብሎ "ትክክለኛው" መልስ ተጻፈላት። በዚያች በአንድ ነጥብ ከመጨረሻው ዙር ቀረች።

ለምን ብዬ ስጠይቅ የመጣልኝ መልስ ያቺ አጭሯ ናት፦ "መልሱ በአዳራሹ ካለው የመግለጫ ሰሌዳ ጋር ስለማይጣጣም ውጤቱ ባለበት ጸንቷል።" ሰሌዳው ኦቪራፕተርን "የሌሎችን ጎጆ እየዘረፈ ይኖር ነበር" ይለዋል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ንዴቴ። ልጅቷ የተፈተነችው በሳይንስ ነው ወይስ በሰሌዳ?

የኦቪራፕተርን ታሪክ እርስዎ አያውቁትም ብዬ አይደለም። ያውቁታል። የሚያበግነኝም እሱ ነው። ግን ሰሌዳውን አንብቦ ለሚወጣው ሕዝብ ስል ልድገመው።

እ.ኤ.አ. በ1923 ከአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሄዱ አሳሾች ሞንጎሊያ፣ ጎቢ በረሃ ውስጥ የአንድ ዳይኖሰር አጽም አገኙ። አጽሙ የተገኘው እንቁላል የሞላበት ጎጆ ላይ ነው። በዚያ አካባቢ እንደ አሸን የፈላው ፕሮቶሴራቶፕስ የሚባል ሌላ ዳይኖሰር ስለነበር እንቁላሉ የእሱ ነው ተባለ። ታዲያ ይሄኛው እዚያ ምን ይሠራል? ሊሰርቅ መጥቶ ነዋ! በዓመቱ "ኦቪራፕተር" ተባለ፤ እንቁላል ነጣቂ እንደ ማለት ነው። ክስ፣ ምስክርና ፍርድ በአንድ ቀን።

ስሙን ያወጣለት ሄንሪ ፌርፊልድ ኦስቦርን እንኳ በዚያው ጽሑፉ ላይ ስሙ ስለ እንስሳው አመጋገብና ጠባይ ሊያሳስት እንደሚችል አስጠንቅቋል። ሰውየው እንደ እርስዎ የሙዚየም አለቃ ነበር። በ1924 የጠረጠረውን የእርስዎ ሰሌዳ እስከ ዛሬ አልጠረጠረም።

በ1993 እዚያው ጎቢ ውስጥ የዚያው ዓይነት እንቁላል ተገኘ፤ ውስጡ ሽል ነበረበት። ሽሉ የፕሮቶሴራቶፕስ አልነበረም። የኦቪራፕተር ቤተሰብ ነበር። በ1995 ደግሞ የቅርብ ዘመዱ አጽም ይፋ ሆነ፦ ጎጆው መሃል ቁጭ ብሎ፣ እጆቹን በእንቁላሎቹ ዙሪያ ዘርግቶ፣ ልክ እንደምትታቀፍ ዶሮ። ሌባ የተባለው ወላጅ ሳይሆን አልቀረም። ሰባ ዓመት ስሙ ጠፋ።

"ሳይንሳዊ ስም በሕጉ መሠረት አይቀየርም" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ልክ ነዎት፣ ስሙ ይቆይ። ግን ስሙ ሌላ፣ ከሥሩ የጻፋችሁት ሌላ። "የሌሎችን ጎጆ እየዘረፈ ይኖር ነበር" የሚለውን ዓረፍተ ነገር የትኛውም የስያሜ ሕግ አላስገደዳችሁም።

ደግሞ ይህ ማለት ኦቪራፕተር በዕድሜው እንቁላል ቀምሶ አያውቅም ማለት አይደለም። ይቅመስ አይቅመስ አጥንቱ አይነግረንም። የታቀፈውም ቢሆን እንቁላሉን እያሞቀ ይሁን ከፀሐይ እየጋረደ በእርግጠኝነት መናገር ከባድ ነው። ተማሪዬ የጻፈችው ይህንኑ ነው። "ማወቅ አይቻልም" ማለት ለአዋቂ ከባድ ቃል ነው መሰለኝ፤ ለ12 ዓመት ልጅ ግን ቀሏታል።

አጽም ብዙ ይናገራል፣ አልካድኩም። እንስሳው በሁለት እግሩ ይሂድ በአራት፣ ጥርሱ ይቆርጥ ወይም ይፍጭ፣ ጡንቻው የት ላይ ይያዝ እንደነበር ይናገራል። ስለ ኑሮው ግን እስቲ አንድ ሙከራ እናድርግ። የአንበሳንና የታይገርን አጽም ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ለመለየት ባለሙያ እንኳ ይቸገራል። አንበሳ በመንጋ ይኖራል፤ ታይገር ብቻውን ይዞራል። ሁለቱም ጠፍተው አጥንታቸው ብቻ ቢቀር ይህን ልዩነት ከየት እናመጣው ነበር? የወንዱ አንበሳ ጎፈርስ? ጎፈር አጥንት የለውም።

በሕይወት ያለውንም ቢሆን ስንቴ ተሳስተንበታል። ጅብን ይውሰዱ። ሰው ሁሉ የአንበሳ ትርፍራፊ ለቃሚ ነው ይለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሃንስ ክሩክ የሚባል ተመራማሪ ታንዛኒያ፣ ንጎሮንጎሮ ውስጥ ሌሊት ሌሊት እየተከተለ ሲያየው፣ ጅቡ አብዛኛውን ምግቡን ራሱ አድኖ የሚበላ ሆኖ ተገኘ። እንዲያውም ጅብ የገደለውን አንበሳ መጥቶ ይቀማዋል። ይህ በዓይናችን የምናየው እንስሳ ነው። ሚሊዮን ዓመታት ድንጋይ ውስጥ የተኛውን ግን እናንተ በሁለት መስመር ጨርሳችሁታል።

ከኦቪራፕተር አጠገብ ያለው ሰሌዳችሁ ኮኤሎፊሲስ የሚባለውን ሌላ ዳይኖሰር "የራሱን ልጆች የሚበላ" ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ1947 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አጽሙ በገፍ ሲገኝ አንዳንዶቹ ሆዳቸው ውስጥ የገዛ ልጆቻቸው አጥንት አለ ተብሎ ነበር። ከዚያ ክስ ዋና ማስረጃዎች አንዱ በ2006 እንደገና ሲመረመር፣ ሆዱ ውስጥ ያለው የትንሽ የአዞ ዘመድ አጥንት ነው። ይህንንም በሁለተኛው ደብዳቤዬ ጽፌዋለሁ። ገቢ ሆኗል።

አዳራሹ መሃል ደግሞ ዳይኖኒከስ የሚባሉ ሥጋ በል ዳይኖሰሮች ቴኖንቶሳውረስ የሚባለውን ትልቅ ቅጠል በል ዳይኖሰር ከበው ሲዘነጥሉት የሚያሳይ ሥዕል አለ። ሥዕሉ ያምራል፣ ተማሪዎቼም ይወዱታል። ከሥሩ ግን "እንደ ተኩላ በመንጋ ያድኑ ነበር" ይላል፤ አለቀ። መነሻው ብዙ አጽም አንድ ቦታ መገኘቱ ነው። ኮሞዶ ድራጎን የሚባሉት ግዙፍ እንሽላሊቶችም አንድ ሬሳ ላይ ይሰበሰባሉ፤ እርስ በርስ ይናከሳሉ እንጂ አይተባበሩም። ዳይኖኒከሶቹም እንዲያ ሊሆኑ ይችላሉ ብለው የተከራከሩ ተመራማሪዎች አሉ። ጎርፍም ቢሆን የማይተዋወቁትን ሰብስቦ አንድ ጉድጓድ ይቀብራል።

ምንም አናውቅም እያልኩ አይደለም። ጥሩ ማስረጃ ሲገኝ ያስደስታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነውን ይመልከቱ፦ የአንድ ቅጠል በል ዳይኖሰር የጅራት አጥንት ውስጥ ቲራኖሳውረስ የሚባለው ግዙፍ ሥጋ በል ዳይኖሰር ጥርስ ተሰብሮ ተቀርቅሯል፤ አጥንቱ ጥርሱን ከቦ ድኗል። ሬሳ ቁስሉ አይድንም። ስለዚህ ያ እንስሳ በሕይወት ሳለ ተነክሶ አምልጧል። ይህ ማስረጃ ነው። ይህም ሆኖ ቲራኖሳውረስ ሁልጊዜ ያድን እንደነበር፣ ብቻውን ይሁን ከነቤተሰቡ፣ ከዚያች ጥርስ አይወጣም። የእግር ዱካ፣ የደነደነ ፋንድያ፣ የንክሻ ምልክት፣ ጎጆ፤ እነዚህ ከአጽሙ ጋር ሲደመሩ ትንሽ ትንሽ ያስኬዱናል። የእናንተ ሰሌዳዎች ግን ትንሽ ትንሽ መሄድ አይወዱም፤ ዘለው መጨረሻው ላይ ናቸው።

ሰሌዳውን ለመቀየር በጀት የለም ተብዬአለሁ። እሺ። "እየዘረፈ ይኖር ነበር" የሚለው ላይ "ተብሎ ይታመን ነበር" የሚል ወረቀት ይለጠፍበት። ወረቀቱንም ሙጫውንም እኔ አመጣለሁ። የልጅቷን አንድ ነጥብ መመለስ ደግሞ በጀት አይጠይቅም፤ እርማቱን ያየው ሰው "ተሳስተናል" ብሎ ይፈርም፣ በቃ።

ልጅቷ ዘንድሮም ተመዝግባለች። ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ "ቲቸር፣ ጥያቄው ከተደገመ የማውቀውን ልጻፍ ወይስ የሚፈልጉትን?" አለችኝ። እስካሁን አልመለስኩላትም። የእርስዎን መልስ እየጠበቅኩ ነው።

ከሰላምታ ጋር
የልጅቷ መምህር

ግልባጭ፦
ለቅሬታ ሰሚ ክፍል (የቀደሙት ሦስቱ እዚያው መደርደሪያ ላይ ስላሉ አብሮ ለማያያዝ አያስቸግርም)