ጎርጎርዮሳዊ ዜማ የምዕመናንም ነው

ለአዘጋጁ፦

ጎርጎርዮሳዊ ዜማ፣ ማለትም በላቲን በአንድ ድምፅ የሚዘመረው ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ በካቶሊክ ቅዳሴ ጊዜው አልፎበታል፣ ምዕመናንንም ዝም ያሰኛል የሚለውን ጽሑፋችሁን አንብቤያለሁ። ለዓመታት በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ስጫወትና መዘምራንን ስመራ ኖሬያለሁ። በሐሳቡ አልስማማም።

የካቶሊክ ጳጳሳት ታላቅ ስብሰባ የነበረው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ይህን ዜማ አልሻረውም። ጉባኤው በ1963 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሥርዓተ አምልኮ ሰነድ በቁጥር 116 ላይ የሮማ ሥርዓት (የምዕራባዊቷ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አምልኮ) የራሱ ዜማ መሆኑን ገልጾ ቀዳሚ ቦታ ይሰጠዋል። ሌላውንም ቅዱስ ዜማ አይከለክልም። የምዕመናንን ንቁ ተሳትፎ አጥብቆ የሚጠይቀውም ይኸው ሰነድ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ደግሞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ቀላል የላቲን ዜማዎችን የያዘች ትንሽ መጽሐፍ ለዓለም ጳጳሳት ልከዋል። የታሰበችውም ለተራው ምዕመን ነበር።

ሰውን ዝም የሚያሰኘው ሌላ ነገር ነው። በየሳምንቱ መዝሙር ይቀየራል፤ የድምፅ ማጉያው የመሪውን ድምፅ ብቻ ያጎላል። እኔም ይህን ስህተት ሠርቻለሁ። ሕዝቡ ቃሉን ሳይለምድ ወደሚቀጥለው እሄድ ነበር። ቀላሎቹ የጎርጎርዮሳዊ ዜማዎች ግን በጥቂት ድምፆች መካከል ይመላለሳሉ፣ ቃሉንም ይከተላሉ። ስልጠና የሌለው ሰው፣ ሕፃንም ቢሆን፣ ይይዛቸዋል።

ስለዚህ ሰበካዎች በመጪው ዐቢይ ጾም ለ«ኪርዬ ኤሌይሶን» («አቤቱ ማረን») አንድ ዜማ፣ ለ«ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ» መዝሙርም አንድ ዜማ ብቻ ይምረጡ። ከቅዳሴ በፊት አምስት ደቂቃ ከሕዝቡ ጋር ይለማመዱ። እስከ ፋሲካ ዜማው አይቀየር። ሕዝቡ ሲዘምርም መሪው ከማይክሮፎኑ ራቅ ይበል።

የቤተ ክርስቲያን ሙዚቀኛ