ስለ አንድ ሸክም ደረቅ ወይራ
ለደን ጥበቃ ኃላፊው የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ ኃላፊ፣
ኮምቦልቻ

ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቼ ሦስቱንም ጊዜ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ሌላ ቀን ይምጡ» ተብዬ ስለ ተመለስኩ፣ አቤቱታዬን በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

አክስቴ ከከተማው በላይ ባለው ተራራ ሥር ትኖራለች። ዕድሜዋ ከስልሳ አልፏል፤ ከግማሽ ጥማድ የማይበልጠው መሬቷ የሚሰጣት እህል ዓመቱን አያደርሳትም። የጎደለውን የሚሞላላት ጫካው ነው፦ ለላሟ ሣር ታጭድበታለች፣ ለምድጃዋ ጭራሮ ትለቅምበታለች፣ የወደቀውን ደረቅ የወይራ ቅርንጫፍ ደግሞ ሰባብራ ገበያ ታወርዳለች። የከተማው ሰው የወተት ዕቃውን የሚያጥነው በዚሁ ወይራ ነው፤ በእርስዎም ቤት ጭሱ የሚታወቅ ይመስለኛል።

ባለፈው ጥር አንድ ማለዳ ጠባቂዎች መንገድ ላይ አስቁመው ሸክሟን አስወረዷት። እንጨቱ እርጥብ ይሁን ደረቅ፣ የተቆረጠ ይሁን የወደቀ፣ ማንም አልመረመረም። አንደኛው ጠፍሩን ፈትቶ እንጨቱን ገደል ለገደል በተነው፤ ጠፍሩንና ማጭዷንም ይዘው ሄዱ። ያ ጠፍር የሟች ባሏ ነበር። ደረሰኝም ሆነ የተያዘባትን ንብረት የሚዘረዝር ወረቀት አልተሰጣትም። ማታ ቤቷ ስደርስ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያተረፈችውን ጥቂት ስብርባሪ ምድጃው ዳር ደርድራ አገኘኋት። «እኔ እኮ ዛፍ ቆርጬ አላውቅም» ብላ ዝም አለች።

ሕጉን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንን ከግልና ከመንግሥት ደን ጎን እንደ አንድ የባለቤትነት ዓይነት ያውቃል። ከእርሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 542/1999 እንኳ የአካባቢው ሰው ከመንግሥት ደን ሣር እንዲያጭድ፣ የወደቀ እንጨት እንዲለቅምና በመድኃኒት ዕፅ እንዲጠቀም ሊፈቀድለት እንደሚችል ደንግጎ ነበር። ታዲያ ስለዚህ ፈቃድ ለቀበሌያችን ሰው በየትኛው ስብሰባ ተነገረው? መከልከሉንስ ከጠባቂ ዱላ በቀር ማን አሳወቀው?

ደኑ ይጠበቅ በሚለው ከእርስዎ ጋር አልለያይም። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ጊዜ ብዙ የወሎ ደን የተጨፈጨፈው፣ ገበሬው ደኑን የራሱ ሳይሆን የመንግሥት አድርጎ ያየው ስለ ነበር ጭምር ነው። በምዕራብ ሸዋው የጭሊሞ ደንና በከፋው የቦንጋ ደን ግን ነዋሪዎች በአሳታፊ የደን አስተዳደር ተደራጅተው፣ ከመንግሥት ጋር ውል ተፈራርመው፣ የሚጠቀሙበትን ደን ራሳቸው እንዲጠብቁ ተደርጓል። አክስቴን የመሰሉ ሴቶች የትኛው ዛፍ መቼ እንደ ወደቀ ከማንም ጠባቂ ቀድመው ያውቃሉ፤ እንደ ሌባ ከማባረር ይልቅ ይህን ዕውቀታቸውን መጠየቅ ይገባ ነበር።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ጠፍሩና ማጭዱ ለባለቤታቸው ይመለሱ፤ ከጫካው ምን መውሰድ እንደሚፈቀድና ምን እንደሚከለከልም በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በጽሑፍ ይለጠፍ። አክስቴ ማንበብ አትችልም፤ እኔ አነብላታለሁ።